መሪ በአደራ

የውድድር መኪናዋ ከመንገዱ ወጥታ ነዳጅ ወደሚቀዳበትና ጎማ ወደሚቀየርበት መስመር ገብታ ስትቆም ሞተሯ ይጠፋል፤ በሩም ወዲያው ይከፈታል። ውስጥ የነበረው አሽከርካሪ ቀበቶውን ይፈታል፣ የውሃ ቱቦውንና ከሄልሜቱ ጋር የተሰካውን የሬዲዮ ገመድ ይነቅላል፣ በገዛ አካሉ ልክ የተሠራውን የመቀመጫ ትራስ ይዞ ከጠባቡ በር ይወጣል። ለረጅም ሰዓት በሙቀትና በጩኸት ውስጥ ቆይቷል፤ ልብሱ በላብ ርሷል። እንዲያም ሆኖ ሄዶ አያርፍም። ዞር ብሎ ወደ ውስጥ ያጎነብስና እሱን ተክቶ የገባውን ባልደረባውን ያስረዋል፤ የትከሻውን ቀበቶ ያቀብለዋል፣ የወገቡን ይስብለታል፣ ገመዱን ይሰካለታል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ነዳጁ ተቀድቶ እስኪያበቃ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። በሩ ሲዘጋ መኪናዋ የሌላ ሰው ናት።

ስለ መኪና ውድድር ሲነሳ ሐሳባችን የሚሮጠው ወደ ፍጥነት ነው። ሳይቆራረጥ ስድስት፣ አሥራ ሁለት ወይም ሃያ አራት ሰዓት በሚካሄደው የጽናት ውድድር ግን፣ የአሽከርካሪው ሙያ ከፍጥነት ይልቅ በአደራ ላይ የቆመ ነው ብዬ አምናለሁ። የዚህ ሙያ ሰው የሚጨብጠው መሪ የራሱ አይደለም። ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያስረክበዋል። በሱ እጅ ሳለች መኪናዋ ላይ የደረሰውን ጉዳት ባልደረባው ይከፍለዋል፤ ባልደረባው ያጠፋውን ደግሞ እሱ ይሸከማል። ፈጣን መሆን ወደዚህ ሥራ የሚያስገባ የመግቢያ ፈተና ነው እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ይህን ለማሳየት ከዴንማርካዊው ቶም ክሪስተንሰን የሙያ ዘመን የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ መድረኩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

የዚህ ስፖርት ትልቁ መድረክ በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በሌማን ከተማ ዳርቻ ይገኛል። የመጀመሪያው የሃያ አራት ሰዓት ውድድር የተካሄደው በ1923 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ዙር 13.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፊሉም በሌላው ቀን የከተማው ሰውና የጭነት መኪናው የሚመላለስበት የሕዝብ መንገድ ነው። ስልሳ ያህል መኪኖች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይነሳሉ፤ እሑድ በዚያው ሰዓት ይጨርሳሉ። የፎርሙላ ዋን ውድድር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይፈጸማል። በ2010 ሌማንን ያሸነፈችው የአውዲ መኪና ግን በአንድ ቀንና ሌሊት 397 ዙር ዞራ 5,410 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። እኛ ጽናት ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ ነው። የማራቶን ጽናት በአንድ ሰው ሳንባና እግር ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። የሌማን ጽናት ግን ለሦስት ሰዎች የተከፋፈለ ነው፤ ሦስቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ መኪናዋ ውስጥ አይገኙም።

ይህ ክፍፍል የተገኘው ያለ ዋጋ አይደለም። በ1952 ፒየር ሌቬግ የተባለ ፈረንሳዊ በራሱ ታልቦ መኪና ተሰለፈ። ተተኪ አሽከርካሪ ነበረው፤ መሪውን ግን አንዴም አላስረከበም። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ነድቶ፣ ረፋዱንም ብቻውን ነድቶ፣ ውድድሩ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ሰፊ ርቀት ይመራ ነበር። ሞተሩ ተሰበረ፤ ድሉም ለመርሴዲስ ሆነ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ሌቬግ ብቻውን ሮጦ ተቀደመ። ስለ ስብራቱ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንዳንዶች ድካም አደንዝዞት ማርሽ ተሳስቶ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሞተሩ ቀድሞውንም ሕመም ነበረበት፤ ሌቬግም መሪውን ያላስረከበው ሕመሙን ማስታመም የምችለው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ነው ይላሉ። ለኔ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ማሽኑን እንዴት ማስታመም እንደሚቻል ያወቀ ሰው ያንን እውቀት ለባልደረባው ማስተላለፍ ካልቻለ፣ እውቀቱ ከሱ ጉልበት ጋር አብሮ ይደክማል።

እርግጥ ነው፣ ብቻውን ነድቶ የጨረሰም አለ። ከሌቬግ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1950፣ ኤዲ ሆል የተባለ እንግሊዛዊ ያረጀች ቤንትሊውን ሃያ አራቱን ሰዓት በሙሉ ራሱ ነድቶ ስምንተኛ ወጥቷል። ይህን የመሰለ የሰውነት ብርታት ማድነቅ ይገባል። ሆኖም የሆል ታሪክ የሚያረጋግጠው ሰው ይህን ያህል መቆየት እንደሚችል ነው፤ እየቀደመ መቆየት እንደሚችል አያረጋግጥም። ዛሬ ደንቡ ራሱ ይህን በር ዘግቶታል። በሌማን አንድ አሽከርካሪ በስድስት ሰዓት ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ፣ በጠቅላላው ደግሞ ከአሥራ አራት ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም።

ክሪስተንሰን በ1967 የተወለደው ሆብሮ በምትባል የዴንማርክ ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ነዳጅ ማደያ ነበራቸው፤ እሳቸውም የመኪና ተወዳዳሪ ነበሩ። የልጁ መንገድ የብዙ እኩዮቹ መንገድ ነው፤ በልጅነት ካርቲንግ፣ ቀጥሎ አነስተኛ የፎርሙላ መኪኖች። እያንዳንዱ ደረጃ ከቀደመው በላይ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በመሰላሉ ጫፍ ያለው ፎርሙላ ዋን ደግሞ ለመላው ዓለም ያለው ወንበር ሃያ ገደማ ብቻ ነው። ክሪስተንሰን በ1991 የጀርመንን፣ በ1993 የጃፓንን ፎርሙላ ሦስት ሻምፒዮና አሸነፈ። ለፎርሙላ ዋን ቡድኖች መኪና ፈትሿል፤ በፎርሙላ ዋን ግን አንድም ቀን ተወዳድሮ አያውቅም። በጽናት ውድድር የሚገኙ ብዙ ባለሙያዎች የዚህ ታሪክ ተካፋዮች ናቸው። ታላቁ በር ተዘግቶባቸው በጎን በር የገቡ ናቸው የሚል አስተያየት የሚሰነዘረውም ከዚህ ተነስቶ ነው። አልስማማም። በጎን በር የገባ ሰው የውስጡን ቤት ሥራ እንደ አዲስ መማር አለበት፤ ያልተማረው ደግሞ ቶሎ ይታወቃል።

የክሪስተንሰን ጥሪ የመጣው በ1997፣ ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ብቻ ሲቀሩት ነው። ዮስት የተባለው የጀርመን ቡድን ሦስተኛ አሽከርካሪ ጎድሎት ነበር። ሁለቱ ባልደረቦች ሚኬሌ አልቦሬቶና ስቴፋን ዮሃንሰን ናቸው፤ ሁለቱም በፎርሙላ ዋን ለፌራሪ የነዱ፣ በዕድሜም በስምም የገነኑ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው እንግዳ መንገዱን በቅጡ ለመልመድ እንኳ ጊዜ አላገኘም። በሌሊት ተራው ግን የውድድሩን ፈጣኑን ዙር ነዳ፤ ቡድኑም ተከታዩን በአንድ ዙር ቀድሞ አሸነፈ። ስለዚያ ሌሊት ሲወራ የሚጠቀሰው ፈጣኑ ዙር ነው። እኔ ግን የሚደንቀኝ ሌላው ነው። አንድ የማያውቁት ሰው በጨለማ መሪውን ተቀብሎ፣ ሁለት አንጋፋ የሥራ ባልደረቦች ቀኑን ሙሉ የለፉባትን መኪና በደህና መልሶላቸዋል። የሰዓት መዝገቡ የያዘው ፍጥነቱን ነው፤ ቡድኖቹ በሚቀጥሉት ዓመታት የፈለጉት ግን ይህንን ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነው በስፖርቱ ታሪክ አቻ የለውም። ከ2000 እስከ 2005 ስድስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ፤ በ2008 እና በ2013 ደገመ። በድምሩ ዘጠኝ ድል ነው፤ ከሱ በፊት የነበረው የቤልጅየማዊው ዣኪ ኢክስ ክብረ ወሰን ስድስት ነበር። ከዘጠኙ ይልቅ የሚናገር ግን ሌላ ቁጥር አለ። ክሪስተንሰን ሌማን ላይ የተሰለፈው 18 ጊዜ ነው። አራት ጊዜ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀረች። በቀሩት 14 ጊዜያት በሙሉ ከአንድ እስከ ሦስት ወጥቷል። የሱ መኪና ከጨረሰች ሽልማት መድረክ ላይ ትወጣለች ማለት ነው። ለአንድ ቀን መፍጠን የብዙዎች ነው፤ ለአሥራ ስምንት ዓመት መኪናን ጠብቆ ማስረከብ ግን የተለየ ጠባይ ይጠይቃል።

ይህ ጠባይ ምን ምን እንደሚያካትት ቀረብ ብለን እንይ። ሦስት አሽከርካሪዎች ሦስት ቁመት፣ ሦስት የመንዳት ልማድ አላቸው። አንዱ መታጠፊያ ላይ ኋላዋ ቀለል ብሎ የሚንሸራተትለትን መኪና ይወዳል፤ ሌላው ኋላዋ ተረጋግታ ፊቷ ቢከብድ ይመርጣል። መኪናዋ ግን አንድ ናት፤ የምትስተካከለውም አንዴ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቂት ይተዋል። ለራሱ ፍጹም የሆነችውን መኪና ትቶ ለሦስቱም የምትበቃዋን ይቀበላል። ሰው በፍጥነቱ በሚመዘንበት ሙያ፣ ባልደረባዬ እንዲመቸው እኔ በጥቂቱ ልዘግይ ማለት ቀላል ውሳኔ አይደለም። በዚህ ላይ ጎማው አለ፤ ጎማ በቶሎ የጨረሰ ሰው ያልታቀደ ማቆሚያ ያመጣል። ፍሬኑም እንዲሁ ነው፤ ሌሊት በስስት ያልያዙት ፍሬን ጠዋት በሌላ ሰው እግር ሥር ይዳከማል።

ከሁሉም የከበደው ደግሞ ሌሎቹን መኪኖች ማለፍ ነው። ሌማን ላይ የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ምድቦች በአንድ መንገድ ላይ ይነዳሉ። ፈጣኑ መኪና በቀጥታው መንገድ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ፣ በጨለማ፣ ከፊቱ የሚያየው ሁለት ቀይ መብራት ብቻ ነው። ያኛው አሽከርካሪ በስፖኪዮው አይቶኛል ወይስ አላየኝም? አሁን ልለፍ ወይስ ከመታጠፊያው በኋላ? መታገሥ ጥቂት ሰከንድ ያስከፍላል፤ መቸኮል ሁሉንም ነገር ሊያስከፍል ይችላል። የ2011 ውድድር ይህን በግልጽ አሳይቷል። አውዲ ሦስት መኪና አሰልፎ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሰዓት አለን ማክኒሽ አንድ ዝግተኛ ፌራሪ ሲያልፍ ተነካክቶ መኪናው ከመንገድ ወጥታ ተገለባብጣ ተበታተነች። ሌሊት ደግሞ ማይክ ሮክንፌለር በተመሳሳይ ሁኔታ ከሌላ ፌራሪ ጋር ተጋጭቶ ሁለተኛዋን አጣ። ሁለቱም በሕይወት መውጣታቸው የመኪኖቹን አሠራር የሚያስመሰግን ነው። ሦስተኛዋ መኪና ብቻዋን ቀርታ፣ ሦስት አሽከርካሪዎች እየተፈራረቁባት ከፔጆ ጋር ስትታገል አድራ በ13.8 ሰከንድ ልዩነት አሸነፈች። የማክኒሽ ባልደረቦች ክሪስተንሰንና ሪናልዶ ካፔሎ ነበሩ፤ ዓመት ሙሉ የተዘጋጁበት ውድድር መሪውን ሳይዙ በሌላ ሰው ተራ አበቃ። ሦስቱ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አብረው ተሰለፉ፤ ሁለተኛም ወጡ።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ያሸነፈው ማሽኑ ነው የሚል ነው። ከባድ ተቃውሞ ነው፤ በከፊልም እውነት አለው። ከ2000 ጀምሮ የነገሠችው አውዲ አር ስምንት በዘመኗ ተወዳዳሪ አልነበራትም፤ በእሷ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ጥሩ አሽከርካሪ የማሸነፍ ዕድል ነበረው። ነገር ግን ክሪስተንሰን ያሸነፈው በእሷ ብቻ አይደለም። በ2003 መኪናው ቤንትሊ ነበረች፤ በ2004 ለጃፓን፣ በ2005 ለአሜሪካ የግል ቡድን ነበር የሚነዳው። በ2005 አር ስምንት አርጅታለች፤ ደንብ አውጪዎቹም ክብደት ጨምረው የሞተሯን ትንፋሽ አጥበውባታል። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን 2008 ነው። የዚያን ዓመት የፔጆ መኪና በማጣሪያው ከአውዲ በአንድ ዙር አምስት ሰከንድ ገደማ ትፈጥን ነበር። አምስት ሰከንድ በአንድ ዙር ማለት፣ ሁሉም እንዳለ ቢቀጥል፣ በአንድ ቀንና ሌሊት ብዙ ዙር መቀደም ማለት ነው። ሌሊት ግን ዝናብ መጣ። ማክኒሽ፣ ካፔሎና ክሪስተንሰን በእርጥቡ መንገድ ሳይሳሳቱ፣ ያለ አላስፈላጊ ማቆሚያ፣ ተራ በተራ እየተቀባበሉ አደሩ፤ ሲነጋ መሪዎቹ እነሱ ነበሩ። የፈጠነው ማሽን ተሸነፈ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይረቃል። ሥራው የሦስት ሰው ከሆነ የእያንዳንዱን ዋጋ በምን እናውቃለን? ደካማው በጠንካራው ጀርባ ታዝሎ ዋንጫ ሊያነሳ አይችልም? ተመልካቹ በእርግጥ ለማወቅ ይቸገራል፤ ቡድኑ ግን አይቸገርም። እያንዳንዱ ዙር ይለካል፤ ፍሬን የተረገጠበት ነጥብ፣ የነዳጅ ፍጆታው፣ የጎማው አበላል ሁሉ ይመዘገባል። ሦስቱ በአንድ መኪና፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ስለሚነዱ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ በሌላ የመኪና ስፖርት አይገኝም። ሰበብ የለም፤ መኪናዬ ደካማ ነበረች ማለት አይቻልም፤ ባልደረባህ የነዳት ያችኑ ነውና። ስለዚህ መጋራት ችሎታን አይደብቅም። የሚደበቀው የግል ዝና ነው፤ ይህን ታግሦ መኖር የሙያው አንዱ ክፍል ነው።

ገንዘብን በተመለከተ የሚነሳው ወቀሳ ለየት ይላል። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን አሽከርካሪዎችን ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ብሎ ይመድባቸዋል። በአንዳንድ ምድቦች ቢያንስ አንድ የነሐስ ደረጃ ያለው አሽከርካሪ መሰለፍ ግዴታ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሥራ ሀብት ያፈራና የቡድኑን ወጪ የሚሸፍን አማተር ነው። እንግዲህ ስፖርቱ ለባለጠጋ ይሸጣል የሚሉ አሉ። ሀብት በር እንደሚከፍት መካድ አይቻልም፤ ስንት ጎበዝ ልጅ በገንዘብ እጦት ከካርቲንግ ሜዳ ተመልሶ እንደቀረ ሲታሰብ ያሳዝናል። ነገር ግን ይኸው አሠራር ለደመወዝተኛው ባለሙያ እንጀራ ሆኖታል፤ ሙያውንም አስፍቶበታል። ባለሙያው አማተሩን ያስተምራል፣ የት ፍሬን እንደሚያዝ ከራሱ መረጃ ጋር እያስተያየ ያሳየዋል፣ ባልደረባው ያጣውን ጊዜ በራሱ ተራ ይመልሳል። የፊልም ተዋናዩ ፖል ኒውማን በ1979፣ በ54 ዓመቱ፣ በፖርሽ 935 ሌማን ላይ በጠቅላላው ሁለተኛ ሲወጣ፣ ከባልደረቦቹ አንዱ ሮልፍ ሽቶመለን የተባለ የተፈተነ ጀርመናዊ ባለሙያ ነበር።

ይሁንና ሙያው ለሚኖርበት ሰው ዋስትና አይሰጥም፤ እዚህ ላይ ስፖርቱን መከላከል ያስቸግረኛል። ምርጦቹ ወንበሮች የመኪና አምራቾች ናቸው፤ አምራች ደግሞ የሚወዳደረው የኩባንያው ቦርድ እስከፈለገ ድረስ ነው። ፔጆ በጥር 2012፣ የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሲል፣ በድንገት ወጣ። አውዲ በ2016፣ ፖርሽ ደግሞ በ2017 ዋናውን ምድብ ትተው ሄዱ። ከእነሱ ጋር ኮንትራት የነበራቸው አሽከርካሪዎች ስህተት አልሠሩም፤ አልዘገዩም፤ ወንበሩ ራሱ ነው የጠፋው። መኪናን በአደራ የሚጠብቅ ሰው አደራ ሰጪው የሚጠብቀው እስከ መቼ እንደሆነ አያውቅም።

አደጋውም አለ። ብቻውን ሊያሸንፍ የቀረበው ሌቬግ በ1955 በዚያው መንገድ ሞተ፤ መኪናው ወደ ሕዝቡ ተወርውራ ከ80 በላይ ተመልካቾች አብረውት አለቁ። ከአልቦሬቶ ጋር ያሸነፈው ክሪስተንሰን ከአራት ዓመት በኋላ የአልቦሬቶን ሞት ሰማ፤ በ2001 ጀርመን ውስጥ መኪና ሲፈትሽ ነው ያረፈው። በ2013 ደግሞ ክሪስተንሰን ወደ ሌማን የመጣው አባቱን ከቀበረ ጥቂት ወራት በኋላ ነበር። ውድድሩ በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ አለን ሲሞንሰን የተባለ ዴንማርካዊ ወጣት አሽከርካሪ በአስተን ማርቲን መኪናው ተጋጭቶ ሞተ። ክሪስተንሰን ይህን እያወቀ፣ ከማክኒሽና ከሎይክ ዱቫል ጋር እየተፈራረቀ፣ ቀሪውን ቀንና ሌሊት ነድቶ ዘጠነኛውን ድል አገኘ። ድሉን ለአገሩ ልጅ ለሲሞንሰን መታሰቢያ አደረገው። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ሙያውን ተወ።

ስለ አደራው ግን አንድ ነገር ይቀራል። በ1999 ክሪስተንሰን ከዬርግ ሙለርና ከፊንላንዳዊው ጄ.ጄ. ሌህቶ ጋር በቢኤምደብልዩ መኪና ሲወዳደር፣ እሑድ ከተከታዮቻቸው በብዙ ርቀት ቀድመው እየመሩ ሳለ፣ በሌህቶ ተራ አንድ የብረት ክፍል ተሰብሮ የነዳጅ መስጫውን ያዘው፤ መኪናዋም ከግድግዳ ጋር ተላተመች። በ2007 ደግሞ በካፔሎ ተራ፣ እንዲሁ እየመሩ፣ የኋላ ጎማዋ ወልቃ ወደቀች። ሁለቱም ጊዜ ክሪስተንሰን ጋራዥ ውስጥ ተራውን ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። በ2008 መሪውን ከተቀበላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ካፔሎ ነበር። በ2005 ሰባተኛውን ድል አግኝቶ የዣኪ ኢክስን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ በመኪናዋ ውስጥ ተራ የተቀባበለው ከማርኮ ቬርነርና ከዚያው ከጄ.ጄ. ሌህቶ ጋር ነው።